ዛንዚባር ላይ ፀሐይ ስትገባ በጀልባ እራት፦ እማን ይዤ ልውጣ ወይስ ይቅር?

ጦሳ_ስር፦
ሰላም ጀመዓው እንዴት ዋላችሁ። ጉዳዩ እንዲህ ነው፣ ዱባይ ያለችው እህቴ ዘንድሮ ፈቃዷን ዘመድ ስታዳርስ ከምትጨርሰው እማን አንዴ ባሕር ላሳያት ብላ ዛንዚባር ላይ እንገናኝ አለች። እሷ ከዱባይ ትመጣለች፣ እኔና እማ ከኮምቦልቻ አዲስ፣ ከአዲስ ዛንዚባር። ጊዜው ነሐሴ መጀመሪያ ነው። ሆቴሉን ይዛዋለች፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊ የሚባል ቦታ። ታዲያ ሆቴሉ የላከው ዝርዝር ውስጥ «ፀሐይ መግቢያ ላይ የጀልባ ሽርሽር ከእራት ጋር» የሚል አለ፣ ፎቶው በሻማ በነጭ ጠረጴዛ ልብስ ምናምን አምሮ ተነስቷል፣ ዋጋው ግን ለሦስታችን ስናሰላው ያስደነግጣል። እማ ስድሳን አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሰላቷን አታሳልፍም፣ ውኃ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ሐይቅ እንኳ ስንሄድ ራቅ ብላ ሳር ላይ ነው የምትቀመጠው። የሄዳችሁ ካላችሁ ያ እራት ለዋጋው ይመጥናል ወይ? መግሪብ፣ ፀሐይ ስትገባ የሚሰገደው ሰላት፣ ጀልባ ላይ እንዴት ይሆናል? ማዕበሉስ? ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ፣ እናንተ ያያችሁትን ንገሩኝ።

የባቲ_ሰኞ፦
አንተ እናትህን ባሕር ላይ ልታወጣቸው ነው? እኔ እናቴን ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት ለመውሰድ ሽማግሌ ልኬ ነው ሃሃሃ

መርሳ_ብርቱካን፦
እንኳን ለዚህ አበቃቸው፣ እህትህም ትባረክ። እኔ ከባለቤቴ ጋር ከሠርጋችን በኋላ እዚያው ኑንግዊ ነበርንና እራት ያለውንም የሌለውንም ወጥተናል፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

ጀልባው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዳው የሚሉት የእንጨት ጀልባ ነው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ትልቅ ሸራ ያለው፣ እዚያው ኑንግዊ አሸዋው ላይ አናጢዎቹ በእጅ ሲሠሩት ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ፣ እሱን ማየት ራሱ አንድ ሽርሽር ነው። ሌላው ካታማራን ነው፣ ጎን ለጎን ሁለት አካል ያለው ሰፊ ጀልባ፣ እንደ ዳው ወደ ጎን አይጋደልም፣ የኛው ሽንት ቤት ነበረው፣ ዋጋውም እንደዚያው ሰማይ ነው።

እራቱን በተመለከተ ግን እውነቱን ስነግርህ እኛ የወጣንበት ዳው ላይ ኩሽና የሚባል ነገር አልነበረም። ምግቡ ሆቴል ተሠርቶ ተሸፍኖ ነው የመጣው፣ ስንሳፈር ይሞቅ የነበረው ሩዝ ስንበላው በርዷል። ደሞ አስበው፣ ፀሐይዋ ሳትገባ ማንም አይበላም፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ቆሟል፣ ከገባች በኋላ ደሞ ሃያ ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው ድቅድቅ ይላል፣ ስለዚህ ዓሣውን የበላነው በስልክ መብራት አጥንቱን በጣት እየዳሰስን ነው። ሻማ? ያ ነፋስ ሻማ ያስበራል እንዴ። ባለቤቴ አንዴ ሞከረና ተወው። አስተናጋጁም ጨለማ ውስጥ ሰው እየረገጠ ነው የሚያልፈው።

ሽርሽሩ ግን ሌላ ነው ወላሂ። ከባሕር ዳር በሞተር ይወጣሉ፣ ራቅ ሲሉ ሞተሩን አጥፍተው ሸራውን ይሰቅላሉ፣ ከዚያ በኋላ የምትሰማው የገመዱን ሲጥ ሲጥና ውኃው እንጨቱን ሲመታ ብቻ ነው፣ ልጆቹ ከበሮ ይዘው ይዘፍናሉ፣ ሌሎቹም ዳዎች ጎን ለጎን ይወጣሉ። ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ስትወርድ ደሞ ተራራ የለ ዛፍ የለ እስከ መጨረሻው ታያታለህ። የኔ ምክር ሽርሽሩን ያለ እራት ያዙ፣ ሳምቡሳና ሐብሐብ ነገር ይሰጣሉ ይበቃል፣ እራታችሁን ወርዳችሁ ወንበር ላይ መብራት ስር ትኩሱን ብሉ። ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል።

ጦሳ_ስር፦
የዓሣ አጥንት በስልክ መብራት፣ እማ እዚያው ነው የምትጥለኝ። እግዜር ይስጥሽ እህቴ። መሳፈሪያው እንዴት ነው? ወደብ አለው ወይስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው?

መርሳ_ብርቱካን፦
ውኃ ውስጥ ገብተህ ነው። እኛ ስንወጣ እስከ ጉልበት ነበር፣ ጫማችንን በእጅ ይዘን። ጉልበታቸውን ካመማቸው ይሄን ቀድመህ ጠይቅ፣ መሰላል አለው ወይ፣ በትንሽ ጀልባ ያደርሳሉ ወይ በል። ባለጀልባዎቹ ለትልቅ ሰው በጣም ጥሩ ናቸው፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በወንበር አንስተው ነው ያስገቧት።

ቦርከና፦
እኔ ዳሬሰላም ለሥራ ብዙ ስለቆየሁ ዛንዚባር እንደ ሐርቡና ኮምቦልቻ ነበር የምመላለሰው። መርሳ_ብርቱካን ያለችው ልክ ነው፣ ጥቂት ልጨምር።

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል ሁለቴ ይመለሳል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ምሥራቅ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ ሲሸሽማ ውኃው ዓይንህ እስኪያጣው ነው የሚሄደው፣ ሴቶቹ ወጥተው አሸዋው ላይ የባሕር ሣር ያርማሉ። ኑንግዊና ጎረቤቷ ኬንድዋ ግን ብዙም አይሸሽም፣ ስለዚህ እህትህ ቦታውን አሳምራ ነው የመረጠችው፣ ፀሐይ መግቢያውም በነሱ በኩል ነው። ምሥራቅ ይዛችሁ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ስትወጣ ነበር የምታዩት።

ሁለተኛ ነፋሱ። እዚያ ዓመቱን ሁለት ነፋስ ተካፍሎታል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አካባቢ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደሞ ከደቡብ ምሥራቅ ኩሲ። የድሮ ነጋዴዎች ከዐረብ አገር በካስካዚ ወርደው በኩሲ ነበር የሚመለሱት። የእናንተ ነሐሴ ኩሲ ላይ ነው፣ ጥሩነቱ ዝናብ የለም ሙቀቱም ልከኛ ነው፣ ክፋቱ ይነፍሳል። ግን ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ ደሴቱ ራሷ ትከልላችኋለች፣ ምዕራብ በኩል ያለው ውኃ ከምሥራቁ ይልቅ ረጋ ያለ ነው። ካፒቴኑን «ከዳርቻው አትራቅ፣ ጫፉን አትዙር» በሉት፣ ሰሜናዊውን ጫፍ ከዞራችሁ መከታው ይቀርና መወዛወዙ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ይቺ ሰዎች የሚሳሳቱባት ናት። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው፣ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት። የሆቴሉ ወረቀት ላይ ግን በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። 4:30 የሚል ካየህ የኛ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ከባለጀልባው ጋር በቃል ስትነጋገር ደሞ «ሳአ ኩሚ» ካለህ በኛም በሱም 10 ሰዓት ነው፣ በእንግሊዝኛ ቴን ካለህ ግን የቱን ቴን ማለቱ እንደሆነ ደግመህ ጠይቀው። ፀሐይዋ በነሐሴ የምትገባው 12 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፣ ስለዚህ ከ11 ሰዓት በኋላ ልውጣ የሚልህ ሰው ቶሎ መልሶ ሊያወርድህ ያሰበ ነው።

አምባሰል_ቅኝት፦
እኔን የሚገርመኝ ያቺው ፀሐይ አይደለችም እንዴ በየቀኑ ጦሳ ኋላ የምትገባው፣ በነፃ። ያንን ሁሉ ዶላር በትኖ ፀሐይ መግቢያ ማየት ምን ይሉታል? ሐይቅ ላይ ጀልባ ተከራይ፣ ቆሮሶ አስጠብስ፣ እናትህም ሳይደክሙ ቤታቸው ይገባሉ።

ሐይቅ_ዳር፦
አምባሰል_ቅኝት ወንድሜ የሐይቅ ልጅ ነኝና ስለሐይቅ አታስተምረኝ ሃሃ። ዓሣው አንደኛ ነው እሱን አልክድም። ግን ሐይቁ ከከተማው ምሥራቅ ነው ያለው፣ ማታ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ነው የምትሸሸው፣ ገና ብርሃን እያለ ትደበቅብሃለች፣ ውኃ ላይ ስትወርድ አታያትም። እኛ ጋ ማየት ያለብህ ጧት ነው፣ ጭጋጉ ከውኃው ሲነሳ። ደሞ ልጁ እህቱ ከፍላለት እናቱን ባሕር ሊያሳይ ነው፣ አንተ ምን አቃጠለህ?

አምባሰል_ቅኝት፦
አላቃጠለኝም፣ ሐሳብ ነው የሰጠሁት። ስንት ሰው በዕዳ ነው የሚኖረው ለማለት ነው።

የባቲ_ሰኞ፦
የሰው ገንዘብ ቆጠራ ተጀመረ

ኩታበር_1፦
ይቅርታ ላስፈራራ ሳይሆን እዚያ አካባቢ መርከብ ሰጥሞ ብዙ ሰው አልቋል አይደል? ዜና ላይ የሰማሁት ትዝ ይለኛል።

ቦርከና፦
እውነት ነው። በ2011 እንደ ፈረንጅ ወደ ፔምባ ደሴት የምትሄድ መርከብ፣ በዓመቱ በ2012 ደሞ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር የምትሻገር ሰጥመው ብዙ መቶ ሰው ሞቷል። እኔ ሁለተኛው ከደረሰ በኋላ ነበር የሄድኩት፣ ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወሬው እሱ ነበር። ግን ሁለቱም የሰው ማመላለሻ ፌሪዎች ናቸው፣ ክፍቱን ባሕር የሚሻገሩ፣ የፔምባዋማ ከልክ በላይ ሰውና ዕቃ ጭና ነው። የፀሐይ መግቢያው ዳው ዳርቻ እያየ ነው የሚንሳፈፈው። ይሄ ማለት ግን ዝም ብለህ ግባ ማለት አይደለም። ላይፍ ጃኬት በሰው ልክ አለ ወይ? ብለህ ጠይቅ፣ አለ ካሉህ አሳዩኝ በል፣ ወንበር ስር የተቆለፈበት ጃኬት ምንም አይሠራም። ስንት ሰው እንደሚጭኑም ጠይቅ። ባሕር ዳር ላይ ካሜራና ዶቃ ይዞ የሚከተልህ ደላላ በግማሽ ዋጋ አወጣሃለሁ ሲልህ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሰው ቁጥር ነው።

ኩታበር_1፦
እሺ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ።

ዳና_ሐድራ፦
አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ጦሳ_ስር። ስለ መግሪቡ አብሽር፣ ዛንዚባር እኮ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፣ ካፒቴኑም ልጆቹም ይሰግዳሉ፣ እኔ በወጣሁበት ጀልባ ተራ በተራ ነበር ኋላ በኩል ምንጣፍ ዘርግተው የሰገዱት፣ አንዱ መሪውን ይይዛል ሌላው ይሰግዳል።

ቂብላውን፣ ማለትም ሲሰግዱ የሚዞሩበትን የመካ አቅጣጫ፣ ለእናትህ እንዲህ ብለህ ንገራቸው፣ ደሴም ዛንዚባርም መካም በካርታ ብታያቸው ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ላይ የተደረደሩ ያህል ነው፣ ሦስቱም 39 ዲግሪ ምናምን ኬንትሮስ ላይ ናቸው። ስለዚህ እዚያም ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፣ እንደ ቤታቸው። ፀሐይ መግቢያውን ፊት ለፊት ሲያዩ ቀኝ እጃቸው ያለበት አቅጣጫ ማለት ነው። ጀልባው አቅጣጫ ይቀይራል፣ ካፒቴኑን ለአምስት ደቂቃ ቀጥ አድርገህ ያዝልን በለው፣ ደስ ብሎት ነው የሚያደርገው። ውዱዋቸውን (የሰላት ትጥበታቸውን) ሆቴል አድርገው ይውጡ፣ ቢበላሽባቸውም የባሕር ውኃ ለውዱ ይሆናል። መቆም ካዞራቸው ቁጭ ብለው ይስገዱ። መንገደኛ ስለሆኑ መግሪብን ከዒሻ (ከማታው ሰላት) ጋር አዘግይቶ መስገድም በሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ መንገድ) ይቻላል፣ በሐነፊ ግን አይጣመርም፣ እኛ ወሎ ደሞ ሁለቱም ስላለ ቤታችሁ የቱ እንደሆነ እናትህን ጠይቃቸው።

በዚያው ላይ ምግብም ላይ ይሄው ነገር ይመጣል። እዚያ ዋናው ኩራታቸው በኮኮናት ወተት የተሠራ ኦክቶፐስ ነው፣ ፕዌዛ ይሉታል። ሻፊዒዎች ይበላሉ፣ ሐነፊ ከባሕር ከዓሣ በቀር አይበላም። ሥጋው ሐላል ነው ወይ ብለህ መጨነቅ የለብህም፣ የሚታረደው ሐላል ነው።

ጦሳ_ስር፦
ወአለይኩም ሰላም፣ ጀዛከላህ ኸይር። እማን አሁን ጠየቅኳት፣ ኦክቶፐስ ምን እንደሆነ ፎቶ ሳሳያት «ይሄን መዝሀብ አያስፈልገውም፣ ማየቱ ይበቃኛል» አለች።

የባቲ_ሰኞ፦
እሳቸው ሙፍቲ ይሁኑልን ሃሃሃሃ

ላስታ_በር፦
እኔም በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ፣ እኛም በነሐሴ ነው ያሰብነው ግን ፍልሰታ ላይ ይገጥማል። ጾመኛ ምን ይበላል? ዓሣም እኔ በጾም አልበላም፣ ባለቤቴ ይበላል፣ በሱ ሁሌ ክርክር ነው።

ቦርከና፦
ላስታ_በር እህቴ ዛንዚባር እኮ ጾመኛ አይቸገርም፣ ኮኮናት ለነሱ እንደኛ ዘይት ነው። ባቄላ የመሰለ ቦሎቄ በኮኮናት ወተት፣ ቅጠላ ቅጠል በኮኮናት፣ ሩዝ በኮኮናት፣ ካሳቫ፣ ሙዝ ጥብስ። ቻፓቲ ግን በምን እንደተቀባ ጠይቂ፣ አንዳንዱ ቅቤ ይነካካዋል። ኡሮጆ የሚሉት የመንገድ ሾርባ አለ፣ ማንጎና ሎሚ ያለበት ኮምጠጥ ያለ፣ ባጂያና ድንች የሚገባበት፣ ሥጋውን አታድርግብኝ ካልሽው ይተወዋል። ጀልባ ላይ እራት የምትይዙ ከሆነ ግን ከአንድ ቀን በፊት ተናገሩ፣ ባሕር ላይ ከወጣችሁ በኋላ ያለው ያው የመጣው ነው። ሽሪምፕ፣ ሎብስተር፣ ኦክቶፐስ በአንድ ሳህን ቀላቅለው የባሕር እራት ብለው ያመጣሉ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ሩዙን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ላስታ_በር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በማርያም ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ወልድያ_ፋርማሲ፦
ሙያዬ ስለሆነ ስለማቅለሽለሹ ብቻ ልናገር። ባዶ ሆድም ጥጋብም ጥሩ አይደለም፣ ከመውጣት ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር ይብሉ። መካከል ላይ ይቀመጡ፣ የጀልባው አፍንጫም ጭራም ነው ይበልጥ የሚዘለው፣ ጭራው ላይ ደሞ የናፍጣው ጭስ አለ። ዓይናቸውን አድማሱ ላይ ያድርጉ እንጂ ስልክ አይዩ ቁርኣንም አያንብቡ። ዝንጅብል ይረዳል። ዳይሜንሃይድሪኔት የሚባል ክኒን አለ፣ ከመሳፈር ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚወሰደው፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይሠራም። ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ እናትህ የግፊት ወይ የዓይን ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ዝም ብለህ እንዳትሰጣቸው፣ ሐኪማቸውን ጠይቅ። ነፋሻ ስለሆነም ወፈር ያለ ጋቢ ይያዙ፣ ባሕር ሞቃት ነው ብሎ በስስ ልብስ ወጥቶ የሚንቀጠቀጥ ብዙ ነው።

ዱባይ_ያለችው፦
አንተ! ሊንኩን የጎረቤት ልጅ ላከችልኝ። ከእኔ ጋር ሳትማከር እዚህ ጀመዓ ሰብስበህ እራቴን እያስቀረህብኝ ነው አይደል? ሰላም ለሁላችሁ፣ እህቱ ነኝ ከፋይዋ። መርሳ_ብርቱካን ያልሽው ሁሉ ገብቶኛል የኔ እናት፣ ግን እኔ ስንት ዓመት የሰው ልጅ ሳሳድግ የሰው እራት ሳቀርብ ነው የኖርኩት፣ አንድ ምሽት እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ሌላ ሰው ያቅርብልኝ ብዬ ነው። ሩዙ ቢቀዘቅዝ ይቀዝቅዛ።

መርሳ_ብርቱካን፦
ኧረ የኔ ዓለም፣ እንዲህ ካልሽማ እኔም ዝም ልበል። ልክ ነሽ።

ጦሳ_ስር፦
እታለም አታስቀይሚኝ፣ እኔ ስለ ጉልበቷ ብዬ ነው።

ኮረብታ_ደሴ፦
እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ሲሸልስ ለሥራ ሄጄ ማሄ ደሴት ላይ በካታማራን እራት በልቻለሁ፣ የሚያስማማችሁ እሱ ይመስለኛል። እዚያ ያደረጉት ምንድነው፣ ፀሐይዋ እስክትገባ ከተንሳፈፍን በኋላ ወደ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ተመልሰው መልህቅ ጣሉ፣ ጀልባው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ መብራት አበሩ፣ ኋላ ላይ ባለው መጥበሻ ዓሣውን እዚያው ጠበሱት። ጠረጴዛ አለ፣ ትኩስ ነው፣ አይወዛወዝም። እራቱን የሚያበላሸው እየተንቀሳቀሱ መብላት ነው እንጂ ባሕር ላይ መብላት አይደለም። ስለዚህ ሆቴሉን ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ምግቡ ጀልባው ላይ ነው የሚበስለው ወይ፣ ስንበላ መልህቅ ይጣላል ወይ። ሁለቱንም አዎ ካሉ ክፈሉ። ከሁለቱ አንዱን እንኳ አይ ካሉ ወርዳችሁ ብሉ።

ቦርከና፦
ይሄ የሚያስኬድ ነው። ሦስተኛ ጥያቄ ልጨምር፣ ጀልባው የጋራ ነው የግል? ኑንግዊ ላይ የጋራው አንዳንዱ መጠጡ የፈለጋችሁትን ያህል ነው፣ ስፒከር ጭነው ነው የሚወጡት፣ ወጣቱ ከፀሐይዋ ይልቅ ቢራውን ሊያይ ነው የሚወጣ። ለእናንተ አይሆንም። የግል ትንሽ ዳው ለሦስት ሰው ዋጋው ከጋራው ብዙም ላይርቅ ይችላል፣ ተከራከሩ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት ዋጋ ዋጋ አይደለም።

ዱባይ_ያለችው፦
ስፒከር ካለበት እማ ራሷ ዘልላ ትወርዳለች። ኮረብታ_ደሴ እናመሰግናለን፣ አሁኑኑ ሆቴሉን ልጠይቅ።

ኩታበር_1፦
ወረቀቱስ ተዘጋጅቷል? ቪዛ ምናምን?

ኮረብታ_ደሴ፦
ቪዛውን ከታንዛኒያ ኤምባሲ ወይ ከኦንላይን ገጻቸው አረጋግጡ፣ የፌስቡክ መረጃ አትመኑ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ግዴታ ነው፣ ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከወሰዱ ለዕድሜ ልክ ነው። ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ እንደ ፈረንጅ ዛንዚባር የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ታስገዛለች፣ 44 ዶላር ለአዋቂ፣ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ያው ትከፍላላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ኦንላይን ጨርሱት። ፌስታል ደሞ እንዳትይዙ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው። እናታችሁ በርበሬና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ እንደሚከቱ ሳልጠይቅ አውቃለሁ፣ በጨርቅ ከረጢት አድርጉላቸው።

ጦሳ_ስር፦
ዳቦ ቆሎው ትናንት ተሠርቷል፣ እንዴት አወቅህ።

የባቲ_ሰኞ፦
የወሎ እናት ሻንጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም

ዱባይ_ያለችው፦
ሆቴሉ መለሰ። የእነሱ እራት ተሠርቶ ነው የሚመጣው፣ መልህቅም አይጥሉም፣ «ልምዱ እየተንሳፈፉ መብላቱ ነው» አሉኝ። ካታማራኑ ይጠብሳል ይቆማል፣ ግን ዋጋው የሦስት ወር ደሞዜ ነው፣ አላበድኩም። ስለዚህ የግል ዳው ያለ እራት፣ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ በመሰላል፣ ከዳርቻ ሳይርቅ። እራቱን ባሕር ዳር አሸዋው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ሊያቀርቡልን ተስማምተናል፣ ሻማው በብርጭቆ ውስጥ ነው፣ አይጠፋም። ወንድሜ አሸነፍክ ግን ደስ አይበልህ፣ አስተናጋጅ ይኖራል።

መርሳ_ብርቱካን፦
ወይኔ ደስ ሲል! አንድ ምሽት ደሞ ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ፣ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ውሰዷቸው፣ ማታ ማታ ሁሉም እያበሰለ የሚሸጥበት ነው፣ ሚሽካኪ የሚሉት በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ሥጋ፣ የሸንኮራ ጭማቂ፣ የዛንዚባር ፒዛ የሚሉት በመጥበሻ የሚታጠፍ ነገር። ዓሣውን ግን ከምሽቱ መጀመሪያ ላይ ካልሆነ አትግዙ፣ ስንት ሰዓት እሳቱ ላይ እንደቆየ አታውቁም። ከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ ነው፣ ለእናታችሁ ይሄ ምክር አያስፈልግም፣ ለእናንተ ነው።

ጦሳ_ስር፦
እሺ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፣ እማ ራሷ ጠይቅልኝ ያለችው። ጀበናዋን ይዛ ዳው ላይ ማፍላት ይቻላል ወይ?

ቦርከና፦
በላቸው አይቻልም። የእንጨት ጀልባ ላይ ከሰል ባለጀልባው ራሱ አያስበራም፣ ነፋሱም ረመጡን ሸራው ላይ ነው የሚበትነው። ሆቴል አፍልተው በፔርሙስ ይያዙ፣ ሲኒውን ፕላስቲክ ያድርጉት። ስቶን ታውን ስትወርዱ ደሞ ጆውስ ኮርነር የሚባል መንታ መንገድ አለ፣ ሽማግሌዎቹ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ፖለቲካ እያወሩ በከሰል የፈላ ቡና በትንንሽ ሲኒ ይጠጣሉ። ዝንጅብል ያለበትን ስጠኝ በለው፣ እናትህ ቅመሙን ይተቹታል፣ ቡናውን ግን ይጠጡታል።

ጦሳ_ስር፦
ነገርኳት። «ካልተፈላ ለምን እወጣለሁ» ብላ ነበር፣ አሁን ፔርሙሱን አጥባ አስቀምጣለች።